ኮረብታው ምን አለ

ደሴን ከነጭጋጓ፣ ቢሮዬን ከነመዝገቡ
ትቼ ሐይቅ ወረድኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወደ እትዬ ዘነቡ።
ግቢዋ ከውሃው ዳር፣ ከደንገሉ አፋፍ ነው፤
ወይኑ እርከን ለእርከን ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል እንደ ሰው።

ሦስት ጠርሙስ አወጣች፣ ውታፋቸው የበቆሎ ቆረቆንዳ፤
የዘንድሮ፣ ያምና፣ የካቻምና፤ እኔ የሦስቱም እንግዳ።
መጽሔት ላይ አንብቤ ነበር፣ ቅምሻ ሥርዓት አለው ብሎ፤
ብርጭቆውን አዙሮ፣ አሽትቶ፣ ጉንጭ ለጉንጭ አንከባሎ፣
ከዚያ መትፋት።
ተፋሁት።
«ምን ሆነሃል ልጄ? ዝንብ ገባበት እንዴ?
ዓመት የጠበቅሁትን ላፈር ትሰጠዋለህ? በሞቴ፣ ዋጠው አንዴ!»

ዋጥኩት።
ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ ነበር፣ ዓሣ አጥማጁ የተኛበት፤
ሰኞ የሚሉት ቀን ትዝ አለኝ፤ ግን እንደ ሌላ ሰው ዕዳ፣ የማልጠየቅበት።

ያኔ ነው አያ ሙሄ ብቅ ያለው፣ መቀሱን በሽርጡ ሻጥ አድርጎ፤
ሰላምታው ከሰው ጀምሮ ከብት አልፎ ዝናም ደረሰ፣ የሁሉን ደኅንነት ፈልጎ።
ሃያ ሁለት ዓመት ይችን ወይን የገረዘ፣ የኮተኮተ፣ ያጠጣ፤
ሃይማኖቱ ነውና፣ ከጠርሙሷ አንዲት ጠብታ ያልጠጣ።
ለሱ ብርዝ ቀዳችለት፣ ገና ዛሬ ጧት የተበጠበጠ፤
እሱም ከጉቶው ላይ፣ ጉልበቱ ጉልበቴን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተቀመጠ።

«እህ፣ ምን አለ?»
«ማን?»
«ኮረብታው ነዋ! አንተ ትቀምሰዋለህ፤ እኔ ከአፍህ እሰማለሁ።
የዘነቡ ምላስ ወዳጅ ነው፣ ሁሉን ጥሩ ይላል፤ የባዳ አፍ አምናለሁ።»

ጨነቀኝ። ወይን ወይን ይላል እንዳልል፣ ይህንን እሱም ያውቀዋል፤
ዓይኔን ጨፈንኩና ያምናውን ሳብኩት። «አጋም... አጋም ይመስላል፤
ጥቁሩ፣ የበሰለው፣ ልጅ ሆነን ከነወተቱ የምንበላው፤
ኋላው ላይ ጭስ አለ፣ ትንሽ፣ ከሩቅ መንደር ነፋስ የሚያመጣው።»

ሙሄ ጭኑን መታ። «አጋሙ! የምሥራቁ አጥር ነበር እኮ፤
ካቻምና ነቀልኩት፤ ሥሩ ለካ ከወይኑ ሥር ጋር ከርሟል ተላልኮ።
ጭሱም የጎረቤቴ የአደም ነው፤ ገለባ ሲያቃጥል ሦስት ቀን ዓይኔ አለቀሰ፤
እኔ ታጥቤ ረሳሁት፤ ፍሬው ቂም ያዘ፣ ይኸው ባንተ አፍ ከሰሰ!»

የዘንድሮው ገና ጥሬ ነው፣ ኮምጣጣ።
«ኮሸም» አልኩ። «ጥርስ ይስላል፤ መጨረሻው ላይ ግን ዝናብ የነካው ድንጋይ መጣ።»
«አብሽር፣ ይደርሳል» አለ፤ «በልጉ ቀርቶበት፣ ዘግይቶ ነው የዘነበለት፤
እንደ ተጠማ ሕፃን ነው፣ ውሃም ሰጥተኸው ይነጫነጫል፤ እስኪጠግብ ይታለፍለት።»

ሦስተኛው ላይ ዝም አልኩ።
አፌ ውስጥ ዞረ፣ ዞረና ምንም ሳይነግረኝ ሄደ፤
ቀለም የገባ ውሃ! ግን ይሉኝታዬ ቀድሞ ምላሴን አስገደደ።
«ማር ይላል» አልኩ። «የላስታ ነጭ ማር።»
ዘነቡ ጠርሙሱን ማየት ጀመረች፣ ጽሑፍ እንዳለበት።
«ዋሸህ» አለኝ ሙሄ፣ በቀስታ፣ ልጁን ከዛፍ እንደሚያወርድ አባት።
«ያን ዓመት ወገቤን ታምሜ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፤
ያልተገረዘ ወይን ቅጠል እንጂ ቃል የለውም፣ ምን ሊናገር?»
«እኔ አጠጣሁት!» አለች ዘነቡ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ ጥላ፤
«ጧትና ማታ! በባልዲ!»
«እሱ ነዋ፤ አሰጠምሽው በተድላ።»

ሳቅን፣ ታንኳው ላይ የተኛው ሰውዬ ነቅቶ ቀና እስኪል፤
የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ፊቱ የበራው ሙሄ፣ ሦስቱንም የጨረሰ ይመስል።

ጀምበሯ ከተራራው ጀርባ ስትገባ እጅጌውን ሰበሰበ፤
ለመግሪብ ከሐይቁ ዳር፣ ጥፍሩ ሥር ያለውን አፈር ሳይቀር አጠበ።
ሲመለስ አንድ ዘለላ ሰጠኝ፣ ለመንገድ።

ሚኒባሱ ሽቅብ ሲያቃስት፣ በጨለማ፣ ፍሬ ፍሬውን ለቀምኩ፤
አጋም ፈለግሁ፣ ጭስ ፈለግሁ፣ የሙሄን ወገብ እንኳ ፈለግሁ፤
አላገኘሁበትም።
ጣፋጭ ነው፣ ጣፋጭ ብቻ፤ ገና ምንም አልደረሰበትም።

«ሒሳብ!» አለ ረዳቱ። አውራ ጣቴ ብሩ ላይ ቀረ፣ ሐምራዊ ሆኖ።
በስልኩ መብራት አገላብጦ አየው፣
አሸተተው፣
ምንም ሳይል ከሌሎቹ መሐል ከተተው።